የዕውቀት ፉክክርና ከፊደላችን ታሪክ የሚገኝ ትምህርት



በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አንድ የታወቀ ጠባይ ነው። ይኸውም ሰው ያወቀውን ነገር ለሌላው መጥቀሚያ ከማድረግ ይልቅ ከሌላው መብለጫ የሚያደርግበት ጠባይ ነው። ጠባዩ በሐኪሙም፣ በመምህሩም፣ በአናጢውም ዘንድ ይገኛል። ይሁን እንጂ በዘመናችን ጎልቶ ከሚታይባቸው ሙያዎች አንዱ የኮምፒዩተር ሙያ ነው። ከመስቃንና ከአካባቢው ተነሥተው ይህን ትምህርት ለመማር ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሚሄዱ ወንድሞችና እኅቶችም ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ ምሳሌያችንን ከዚያው እንወስዳለን። ሌላ ትምህርት የምትማሩም ብትሆኑ ነገሩን ወደ ራሳችሁ ሙያ እየመለሳችሁ አንብቡት።

ሀ. ጠባዩ እንዴት ይታወቃል?

አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከገጠር ትምህርት ቤት መጥቶ በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ተቀምጧል እንበል። እስከዚያ ቀን ድረስ የኮምፒዩተር ቁልፍ ነክቶ አያውቅም። «የጻፍሁትን የት ነው የማስቀምጠው?» ብሎ ይጠይቃል። ከጎኑ ያለው፣ ከከተማ የመጣው ጓደኛው፣ «ይህንንም አታውቅም እንዴ?» ይልና ወደ ሌሎቹ ዞሮ ይስቃል። መልሱን ለመንገር የሚፈጀው ጊዜ ለመሳቅ ከሚፈጀው አይበልጥም ነበር። ጠያቂው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አይጠይቅም። የማይጠይቅ ተማሪ ደግሞ መማሩን አቁሟል ማለት ነው፤ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥም።

ሁለተኛው መልክ በቃላት ማስፈራራት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ጸሐፊ ማተሚያው እንቢ ቢላት ባለሙያ ትጠራለች። ባለሙያው ነገሩን በሚገባት አማርኛ ከማስረዳት ይልቅ እርስዋ ሰምታቸው የማታውቃቸውን ቃላት እየደረደረ አፏን ያስይዛታል። ሥራው ተሠርቶ ይሆናል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ሳምንት ያው ችግር ሲደርስ እንደገና እርሱን ከመጥራት ሌላ መንገድ የላትም።

ሦስተኛው መልክ በባለሙያዎቹ በራሳቸው መካከል የሚደረገው ፉክክር ነው። «ፓይተን የልጆች ቋንቋ ነው፤ እውነተኛ ባለሙያ የሚጽፈው በሲ ነው» ይላል አንዱ። «ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው ኮምፒዩተር ያውቃል ለማለት ያስቸግራል» ይላል ሌላው። ሰዎቹ ስለ መሣሪያው የሚናገሩ ይመስላሉ እንጂ የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ነው።

ለምን በዚህ ሙያ ጠባዩ ይጠነክራል? እንደ እኔ አስተሳሰብ ምክንያቱ ፍርሃት ነው። የኮምፒዩተር ሙያ በየዓመቱ የሚለዋወጥ በመሆኑ ሁሉን የሚያውቅ ሰው የለም። ሁሉን አለማወቁን በልቡ የሚያውቅ ሰው ግን እንዳይታወቅበት ይሠጋል። የሠጋም ሰው ሌላው ሳይጠይቀው በፊት እርሱ ቀድሞ ሌላውን ያንኳስሳል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ይህን ዓይነቱን ሰው አይተው ነው።

ለ. በእንቁላል ምክንያት የተነሣ ጦርነት

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። ጆናታን ስዊፍት የተባለው ጸሐፊ ስለ ጉሊቨር ጉዞ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እንቁላል በየትኛው ጫፍ በኩል መሰበር አለበት በሚል ክርክር የሚዋጉ ሁለት አገሮች ይገኛሉ። ዳኒ ኮኸን የተባለ የኮምፒዩተር ሊቅ ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ሚያዝያ 1 ቀን 1980 ሰላምን የሚለምን አንድ ጽሑፍ አወጣ።

በዚያን ጊዜ የኮምፒዩተር መሐንዲሶች የሚከራከሩት ረጅም ቁጥር በማሽኑ ውስጥ ሲቀመጥ ትልቁ ክፍል ይቅደም ወይስ ትንሹ በሚል ነበር። ኮኸን ሁለቱንም ወገኖች በእንቁላሉ ጫፍ ስም ጠራቸው። የጽሑፉም ፍሬ ነገር ሁለቱም መንገዶች ይሠራሉ፤ አንዱ ማሽን ከሌላው ማሽን ጋር እንዲነጋገር ከተፈለገ ግን ከመረጡት መንገድ ይልቅ መስማማቱ ይበልጣል የሚል ነው። ስሞቹ እስከ ዛሬ ድረስ በትምህርቱ ውስጥ ይሠራባቸዋል። ኢንተርኔትም የመልእክቶቹን አድራሻ ሲጽፍ ትልቁ ክፍል እንዲቀድም በተደረገ አንድ ስምምነት ይሠራል። ስምምነቱ ባይኖር የዛሬው መልእክታችን ከቡታጅራ ተነሥቶ አዲስ አበባ ባልደረሰ ነበር።

ሐ. ፊደላችን በኮምፒዩተር ላይ

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ኮምፒዩተር ፊደልን እንደ እኛ በመልኩ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያ ቁጥር ሲጠራ ያ ፊደል በስክሪኑ ላይ ይሣላል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተለመዱት የግል ኮምፒዩተሮች ለአንድ የፊደል ስብስብ የሚገኘው የቁጥር ቦታ 256 ብቻ ነበር። ከዚህም ግማሹን፣ ማለት 128ቱን፣ የእንግሊዝኛው ፊደልና የማሽኑ ትእዛዞች ይዘውታል።

የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። በዚህ ላይ እንደ ቋ፣ ኳና ጓ ያሉት ዲቃላ ፊደሎች፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 የቁጥር ምልክቶች፣ አራት ነጥቡና ሌሎቹም ነጥቦች ይጨመራሉ። ስለዚህ ቤቱ ጠባብ፣ እንግዳው ብዙ ሆነ።

በአገር ውስጥም በውጭ አገርም ያሉ ኢትዮጵያውያን ይህን ችግር ለመፍታት ተነሡ። አንዳንዶቹ ፊደሎቹን ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑ ስብስቦች አከፋፈሏቸው። ሌሎቹ ደግሞ የፊደሉን አካል ለብቻ፣ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ አስቀምጠው በጽሕፈት ጊዜ እንዲገጣጠሙ አደረጉ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራና የሚባሉትን ፕሮግራሞች በዕድሜ ከፍ ያሉት ጸሐፊዎቻችን ያስታውሷቸዋል። ሥራው ብልሃት የሚጠይቅና ምስጋና የሚገባው ነበር። እነዚህ ሰዎች ባይነሡ ኖሮ አማርኛ ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር ለመሻገር ብዙ ይዘገይ ነበር።

ችግሩ ሁሉም በየራሱ መንገድ መሄዱ ነው። አንዱ ለ«ሀ» የሰጠውን ቁጥር ሌላው ለሌላ ፊደል ሰጥቶታል። ስለዚህ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ማመልከቻ ሌላው ፕሮግራም ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ሆኖ ይወጣል። ሰው አማርኛ ጽፎ አማርኛ ማንበብ አልቻለም። የቁልፉም አቀማመጥ ስለሚለያይ በአንዱ የሠለጠነ ጸሐፊ ወደ ሌላው ሲዛወር እንደ ጀማሪ ይሆን ነበር።

ለምን በጊዜ አልተስማሙም? በመጀመሪያ፣ ሲነሡ የሚስማሙበት የጋራ ደንብ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ንግድ አለበት፤ የአንዱን ቁልፍ የለመደ ሰው የዚያው ሰው ደንበኛ ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው ግን የእኛ ርእስ ነው። «ግዕዝን በኮምፒዩተር ላይ መጀመሪያ ያዋለ ማን ነው? የማንስ አሠራር ይበልጣል?» የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። ለደከመ ሰው ስሙን መስጠት ተገቢ ነው፤ ታሪክም ሊጻፍ ይገባዋል። ነገር ግን ቀዳሚውን ለማወቅ ከሚከራከሩት መካከል ማመልከቻውን ማንበብ ያቃተው ባለጉዳይ የለበትም። የፉክክሩን ዋጋ የሚከፍለው ፉክክሩ ውስጥ የሌለው ሰው ነው።

መፍትሔው የመጣው ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ በመገናኘት ነው። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የቁጥር መዝገብ የመጀመሪያ እትሙ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። በ1999 በወጣው 3.0 እትም የኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» ማለት በዚህ መዝገብ መሠረት በየትኛውም አገር 4608 ነው፤ «ለ» ደግሞ 4616 ነው። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። ፕሮግራም ሳይገዙ አማርኛ ማንበብ ተቻለ። ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ አማርኛ የሚያነበው በዚሁ ስምምነት ነው።

በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ከሚነሡት ስሞች መካከል ዶክተር አበራ ሞላ፣ ኢንጂነር ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ይገኛሉ። ዶክተር አበራ የተማሩት የእንስሳት ሕክምና መሆኑን ስታውቁ «የሙያው ሰው ያልሆነ አይናገር» የሚለው አነጋገር ምን ያህል ባዶ እንደ ሆነ ትረዳላችሁ።

ለእኛ ለጉራጌ ልጆች ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር አለ። የጉራጌ ቋንቋዎች አማርኛ የሌሉት ድምፆች ስላሏቸው ተጨማሪ ፊደሎች ያስፈልጓቸዋል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ለሰባት ቤት ጉራጌኛ የሚያገለግሉ ፊደሎች ወደ መዝገቡ ገቡ። በ2021 በወጣው 14.0 እትም ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚሆኑ 28 ፊደሎች ተጨመሩ። እያንዳንዱ ነጋዴ በየራሱ አጥር ውስጥ ቢቀር ኖሮ ገዢው ጥቂት ለሆነ ቋንቋ ማን ፊደል ይቀርጽለት ነበር? የትንሹ ቋንቋ ፊደል ቦታ ያገኘው የሁሉ የሆነ ሜዳ ስለ ነበረ ነው።

ይሁንና ያለፈው ዘመን ዕዳ ገና አልተከፈለም። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የመዝሙር ስብስብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በድሮው አሠራር ተጽፎ በየቤቱ ተቀምጧል። ፋይሉ አለ፤ የተጻፈበት ፕሮግራም ግን የለም። ወደ አሁኑ አሠራር መለወጥ ይቻላል፤ ለዚህም በየትኛው ፕሮግራም እንደ ተጻፈ የሚያውቅና ታግሦ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል።

መ. ትዕቢት ሕይወት ሲያስከፍል

በፊደል ጉዳይ የጠፋው ወረቀት ነው። በሌላ ስፍራ ግን የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ቴራክ 25 የሚባል፣ በካናዳ የተሠራ፣ የነቀርሳ በሽተኞችን በጨረር የሚያክም ማሽን ነበር። ቀደም ብለው የተሠሩት ዓይነቶች አደጋ የሚከላከል የተለየ መሣሪያ ነበራቸው። በዚህኛው ግን ጥበቃው በአብዛኛው ለኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ተተወ። ከ1985 እስከ 1987 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በካናዳና በአሜሪካ 6 ሕመምተኞች ከልክ ያለፈ ጨረር ደረሰባቸው፤ ቢያንስ ሦስቱ ሞቱ።

ሐኪም ቤቶቹ «ሕመምተኛው ተቃጠለ» ብለው ሲያመለክቱ ከሠሪው ድርጅት ያገኙት መልስ ማሽኑ ከልክ በላይ ጨረር ሊሰጥ አይችልም የሚል ነበር። በ1986 በቴክሳስ፣ በታይለር ከተማ፣ ሁለት ሕመምተኞች ከተጎዱ በኋላ ምስጢሩን የገለጡት የሐኪም ቤቱ የፊዚክስ ባለሙያና ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሠራተኛ ናቸው። በዚያ ቀን የነካቻቸውን ቁልፎች በዚያው ቅደም ተከተል ደጋግመው ሞከሩ። ሠራተኛዋ ሥራውን ከመልመድዋ የተነሣ የተሳሳተውን ትእዛዝ በፍጥነት ስታርም ማሽኑ እርማቱን በሙሉ ሳይቀበል ጨረሩን ይለቅ እንደ ነበር ተደረሰበት። ከስሕተቶቹ አንዱ ይህ ነው።

ልብ በሉ፤ ማሽኑን የሠሩት «አይሆንም» አሉ። ቁልፍ የምትነካዋ ሠራተኛ ግን በጣቷ ታውቀው ነበር። ዕውቀት በማዕረግ ልክ አይታደልም። ከእኛ በታች የምናያት ሰው በእጅዋ የያዘችውን ዕውቀት የምናገኘው ከጠየቅናትና ከሰማናት ብቻ ነው።

ሠ. ፉክክር ሁሉ መጥፎ ነውን?

አንዳንድ ሰው «ፉክክር ከሌለ ማን ይተጋል?» ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪዎች አንዱ ከአንዱ የተሻለ ቅኔ ለመቁጠር ሌሊቱን ሙሉ ይተጋሉ። የበሰለው ተማሪ ግን አስነጋሪ ሆኖ ከእርሱ በታች ያሉትን ቅኔ እየሰማ ያርማል። ከፍ ያለ ማለት የታችኛውን የማስተማር ግዴታ ያለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፉክክር ሥራውን ያሳድጋል። ሥራውን ትቶ ሰውየውን የሚያሳንሰው ግን ማንንም አያሳድግም። ከሁላችን ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር በሐዋርያትም መካከል ተነሥቶ እንደ ነበር፣ መልሱም የጓደኛን እግር በማጠብ ምሳሌ እንደ ተሰጠ በትምህርታችን የሰማነው ነው።

በኮምፒዩተሩም ዓለም ይህን የተረዱ ታላላቅ ሰዎች አሉ። ዶናልድ ክኑት ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ከጻፋቸው ታላላቅ ጥራዞች የመጀመሪያው በ1968 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። እርሱም በመጽሐፎቹ ውስጥ ስሕተት ላገኘ ሰው ለእያንዳንዱ ስሕተት 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም እንደሚሰጥ አስታወቀ። 256 ለኮምፒዩተር ሰዎች የታወቀ ቁጥር ስለ ሆነ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ብዙዎች ግን ቼኩን ባንክ ከመመንዘር ይልቅ በክብር ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ታላቁ ሊቅ የሚያርመውን ሰው አልጠላም፤ ከፈለው።

ሊነስ ቶርቫልድስ ደግሞ በ1991 (እ.ኤ.አ.) በሄልሲንኪ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ ሊነክስ የሚባለውን ሥርዓት ጀመረ። በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አብረውት ሠርተዋል። ይሁን እንጂ ሥራቸውን ሲነቅፍ ሰዎቹን በመሳደብ የታወቀ ነበር። በመስከረም 2018 (እ.ኤ.አ.) ስለ ጠባዩ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለጥቂት ጊዜም ከሥራው ገለል ብሎ ተመለሰ። ሃያ ሰባት ዓመት የተከበረ ሰው ይህን ካደረገ፣ ሁለት ዓመት የተማርን እኛ የምንኮራበት ምንድን ነው?

ረ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

በጉራጌ መንደር ፊት ለፊት የሚዘረጋውን ጀፎረ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰፊ ነው፤ ሣር የለበሰ ነው፤ የመንደሩ ሁሉ ነው። ከብት ያልፍበታል፤ ሠርግና ለቅሶ ይቆምበታል። ሀብታምም ቢሆን አጥሩን ገፍቶ ከጀፎረው ላይ አይወስድም። ጎረቤቱ ቤቱን አሳምሮ ቢሠራ ማንም አይቃወመውም፤ መንገዱን ግን የእኔ ነው ሊል አይችልም። ዕውቀትም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ በችሎታው ቤቱን ያሳምር፤ የጋራውን መንገድ ግን አያጥር።

ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን በሥራ ላይ እናውላቸው፤

1. የሚጠይቀንን ሰው በጠየቀው ልክ እንመልስለት። «ይህንንም አታውቅም?» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ።

2. የማናውቀውን «አላውቅም፤ አብረን እንፈልገው» እንበል። ይህን የሚል ሰው ከበሬታ አይጎድልበትም፤ ሌላ ጊዜ «አውቃለሁ» ሲል ይታመናል።

3. ያወቅነውን በሚገባ አማርኛ ጽፈን ለተከታዮቻችን እናስቀምጥ። ስንጽፍም ሁሉ በሚያነበው የዩኒኮድ ፊደል ይሁን።

4. ክረምት ለዕረፍት ስንመጣ ከአባቶችና ከእናቶች እጅ ያሉትን በድሮ ፕሮግራም የተጻፉ ጽሑፎች ሰብስበን ወደ አሁኑ አሠራር እንመልስ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው አንዱ ፋይሉን፣ አንዱ ፕሮግራሙን፣ አንዱ ጊዜውን ያምጣ።

5. የተሳቀባችሁ ወንድሞችና እኅቶች መጠየቃችሁን አታቁሙ። የሳቀው ሰው መልሱን አውቆት ከሆነ ሳቁ መልስ አይሆንም፤ ካላወቀውም የእናንተ ጥያቄ ለእርሱም ያስፈልገዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ) በምትማሩበት ወይም በምትሠሩበት ቦታ ዕውቀት መብለጫ የሆነበትን ሁኔታ ግለጹ። ጉዳቱ የደረሰው በማን ላይ ነው?

ለ) ለቀዳሚ ሰው ስሙን በመስጠትና በቀዳሚነት በመፎካከር መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ሐ) በቴራክ 25 ታሪክ ሠሪዎቹ መጀመሪያ ሠራተኛዋን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?

መ) በሰፈራችሁ በድሮ አሠራር ተጽፎ የማይነበብ ምን ጽሑፍ አለ? ለማዳንስ ማን ምን ሊያደርግ ይችላል?

በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ በየምድባችሁ ተወያይታችሁ የደረሳችሁበትን በሚቀጥለው ጉባኤ ይዛችሁ እንድትቀርቡ በአክብሮት እናሳስባለን።